ሲመታ ይረጋጋል

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.። የአባቴ የቦክስ ደብተር የመጨረሻ ገጽ በዚህ ቀን ሥር «ብየዳው፦ ሲመታ ይረጋጋል» ይላል። ከጎኑ ያለው ዓምድ ባዶ ነው። በዚያ ዓምድ ለሠላሳ አንድ ዓመት ከሁለት ቃላት አንዱ ሲጻፍ ኖሯል፤ «ገና» ወይም «ይግባ»። አባቴ በማግስቱ ጠዋት የጫማውን ክር ሊያስር ባጎነበሰበት ቀረ።

ሥራው የውሃ ቆጣሪ ማንበብ ነበር። ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ግን የድሮ ማተሚያ ቤት መጋዘን ውስጥ ጀማሪዎችን ቦክስ ያሠለጥን ነበር። የመጀመሪያ ግጥሚያቸውን መቼ እንደሚገጥሙ የሚወስነው እሱ ነው። «ጋሽ ገና» ያሉት እነሱ ናቸው።

«ጋሽ ገና፣ ስምንት ወር ሆነኝ እኮ!»

«ልጅም በዘጠኝ ነው የሚወለደው። ገመድህን ዝለል!»

አባቴን እንዲህ ጠንቃቃ ያደረገው የአጎቴ ነገር ነው። ታናሽ ወንድሙ ነው፤ ግራ ጆሮው አይሰማም። በስድስት ሳምንት ልምምድ ለመጀመሪያ ግጥሚያው ቀለበት ውስጥ ያስገባው አባቴ ነበር፤ ጆሮውን ያጣው ያን ቀን ነው። «ጥሩ ይመታል ብዬ ነዋ» ይል ነበር፤ ከዚህ ሌላ ስለዚያ ቀን ተናግሮ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ የማንንም ቡጢ ጉልበት አይቶ አልወሰነም። አፍንጫው ላይ ቡጢ ያረፈበት ሰው ትንፋሹ ይቆረጥ እንደሆነ፣ እጁ ወደ አገጩ ይመለስ እንደሆነ፣ የአሠልጣኙን ድምፅ ይሰማ እንደሆነ ያያል። «ይግባ» ያለውን ሰው ደግሞ በአፉ አይነግረውም። ለመጀመሪያ ግጥሚያ ብቻ የሚለበሰውን አንዱን ቀይ ካናቴራ በልኩ አስተካክሎ ያለብሰዋል።

ከቀብሩ በኋላ፣ ሰኞ መጋቢት 15፣ ብየዳው ቤታችን መጣ። የብረት በር የሚበይድ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነው፤ አባቴ በሥራው «ብየዳው» ይለው ነበር። አብራው የመጣችው የአባቴ ረዳት ናት፤ እሷም በጊዜዋ አሥራ አራት ወር «ገና» የተባለች። የመጀመሪያ ግጥሚያው ምዝገባ ረቡዕ ይዘጋል፤ ቅጹም የአሠልጣኝ ፊርማ ይፈልጋል። ረዳቷ መፈረም ትችላለች፤ ነገር ግን ያን ማክሰኞ ጥርሷን ልታስነቅል ሄዳ ልምምዱን አላየችም።

«አንቺ መዝገብ ቤት አይደል የምትሠሪው? አንብቢውና ገላግይን» አለችኝ።

አነበብኩት። ችግሩ ማንበቡ ነው። ቃሉ ላልቶ ከተነበበ ብየዳው ሌላውን ሲመታ ነው፤ ቡጢው ካረፈለት በኋላ ዘና ብሎ የእጁን ሥራ ያደንቃል ማለት ነው። ይህ «ገና» ነው። ጠብቆ ከተነበበ ግን ሌላው እሱን ሲመታው ነው፤ ቡጢ ሲያርፍበት አይደነግጥም፣ እልህ አይይዘውም። ይህ «ይግባ» ነው። ፊደሉ አንድ ነው። ከዓመታት በፊት፣ «አባዬ፣ ‹ሲመቱት› ብለህ ጻፍ፣ ይለይልህ» ብዬው ነበር። «የምጽፈው እኔ፣ የማነበው እኔ፤ አንቺ ምን ቤት ነሽ?» አለኝ።

«ያን ቀን ምን ሆነ?» አልኩት ብየዳውን።

«መታሁ።»

«ሌላስ?»

«ተመታሁ።»

«ጎሽ! ተገላገልን» አለች ረዳቷ።

ብየዳው ወለሉን እያየ፣ «እህቴ፣ ሁለት ፊደል ናት፤ ‹ይግባ› ብለሽ ጻፊልኝ» አለኝ።

«ሦስት ናት» አልኩት። «እሱ ያልጻፈውን ደግሞ እኔ አልጽፍም።»

ረዳቷ አልተቆጣችም። «እኔም ሳላውቅ አልፈርም። ሌላ ጆሮ እንዲደነቁር አልፈልግም» አለች። ብየዳው ቅጹን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

ሲሄዱ የአባቴን የማክሰኞ ውሎ ከኪሶቹ መልቀም ጀመርኩ። የቆጣሪ መዝገቡ እስከ አሥር ሰዓት ያደርሰዋል። ልምምዱ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ማለቁን ብየዳው ነግሮኛል። በጃኬቱ ውስጥ ከመንገዱ ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ የሰጠችው ብጣሽ ወረቀት ነበር፤ «ካናቴራ፣ ብብቱ ይስፋ» ይላል። ቀለሙን አይልም። ሄጄ ጠየቅኳት።

«ቀይ ነው እንጂ!» አለችኝ። «‹ትከሻው በር ያህላል፣ በር ሠሪ ነው› ብለው እስክጨርስ እላዬ ላይ ቆሙ። ስፌቱ ጠመመ ብለው ደግሞ አስፈቱኝ። ነፍሳቸውን ይማር፣ እንዴት ያለ ነዝናዛ ነበሩ!»

ደብተሩ ላይ ምንም አልጨመርኩም፤ ዓምዱ ባዶውን ይቆያል። ወረቀቱንና ካናቴራውን ግን ለረዳቷ ወሰድኩላት። እሷም ብየዳውን ጠርታ አለበሰችው፤ ብብቱ ልክ ነበር። ቅጹን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ፈረመች።

ካናቴራውን ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም። ሳምንቱን ሙሉ በሩን በከፈትኩና በዘጋሁ ቁጥር እጄን የሚነካኝ፣ ያልታጠበ ልብስ የመሰለኝ ፌስታል ነበር። አባቴ ያን ማክሰኞ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ከልብስ ሰፊዋ ተቀብሎ፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ቤት ገብቶ በሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ሰቅሎታል።