ጌታሁን የሣለው ዋግ

ዛሬ ጠዋት ደብረ ብርሃን ባለው ላቦራቶሪያችን ውስጥ፣ ከእነዋሪ የመጣ የስንዴ ቅጠል ከተጠቀለለበት ወረቀት ሳወጣ፣ የእርጥብ ማሳ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ቅጠሉን ዋግ መትቶታል። ከማይክሮስኮፑ ጋር በተያያዘው ካሜራ አንስቼው ስክሪኑ ፊት ተቀምጬ ሳለሁ ሐሳቤ ወደ አባቴ ማሳ ሄደ።

የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ ታላቅ ወንድሜ ጌታሁን አሥረኛ ክፍል። በዚያ ክረምት መውጫ ስንዴያችን ከሩቅ ሲያዩት የደረሰ መስሎ ቢጫ ሆነ፤ በመካከሉ ያለፈ ሰው ጋቢውም ሱሪውም ቢጫ ዱቄት ለብሶ ስለሚወጣ እኛ ልጆቹ መጀመሪያ ላይ ስቀንበታል። አባቴ ግን ዛላውን በመዳፉ አሽቶ፣ እፍ ብሎ፣ ገለባ ብቻ ሲቀረው መዳፉን አራግፎ ወደ ቤት ተመለሰ። የሳይንስ መምህርታችን፣ ገበሬው በሽታውን በዓይኑ ይየው ብለው፣ የትምህርት ቤቱን ማይክሮስኮፕ መስኮት ሥር አቁመው ወላጆችን ጠሩ፤ አባቴም ጌታሁንን አስከትሎ መጣ።

ዓይኔን ሳስጠጋ ያየሁትን ዛሬም መናገር ይቸግረኛል፤ ብርሃን ያለፈባቸው፣ ዙሪያቸውን ደቃቅ እሾህ ያወጡ ክብ ክብ የወርቅ ዶቃዎች፣ አንዱ ሌላውን ተደግፎ። ጌታሁን ቀና ሳይል እርሳስ ጠየቀ። ያየውን ሥሎ ሲጨርስ መምህርቷ ሥዕሉን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ ይህ ልጅ ትምህርቱን እንዳያቋርጥ ብለው አባቴን ለመኑት። የአባቴ ተራ ደረሰና ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ።

“አዝመራችንን የበላው ይሄ ነው?” አለ ሲነሣ። “ታዲያ እንዲህ ማማሩ ለምንድን ነው?”

መምህርቷ የሚቀጥለውን ወላጅ ጠሩ።

ጎተራው ባዶ ቀረ። ጌታሁን ከገና በፊት ትምህርቱን ትቶ አዲስ አበባ ግንባታ ሥራ ገባ፤ እሱ በሚልከው እኔ ተማርኩ። አባቴም የዚያን ቀን ነገር ዳግመኛ ሳያነሣ አረፈ።

ባለፈው ፋሲካ ጌታሁን ሊጠይቀኝ መጣ። ግድግዳው ላይ የሰቀልኳቸውን፣ እንግዶች ሥዕል ናቸው ወይ እያሉ የሚጠይቁኝን የዋግ ፎቶዎች እያየ ረጅም ጊዜ ቆመ። ወረቀትና እርሳስ አቀረብኩለት። እርሳሱን ሲሚንቶ በሰነጣጠቀው ጣቱ ጥቂት አዟዙሮ መልሶ አስቀመጠው።

“እጄ ረስቶታል፣ እህቴ” አለ በቀስታ።

እስከ መናኸሪያ ሸኘሁት፤ መንገዱን ሁሉ ስለ አባታችን ስናወራ ስለ ሥዕሉ ግን ሁለታችንም አላነሣንም። ያኔ የሣለበት ወረቀት የት እንደ ደረሰ አላውቅም። የእኔ ፎቶዎች ያን ጊዜ በደብዛዛው ያየነውን እሾህ ሁሉ አጥርተው ያሳያሉ፤ እንደዚያ የሚሥል እጅ ግን ከቤታችን አንድ ብቻ ነበር የወጣው።