የወገዳው ካሴት

ፓንክ የሚባለውን ጩኸታም ሮክ ነው የምንጫወተው ከሚሉ የንፋስ መውጫ ልጆች ባንድ ጋር፣ አሥር ዓመት ሙሉ ከመጋረጃ ጀርባ ድምፅ ማጉያ ስነካካ ኖርሁ። ዘፋኛችን ከሞተ ወዲህ ድምፁ ይናፍቀኛል፤ አንድ ቅጂ እንኳን አልተረፈንም።

ወገዳ ከተማ ስንጫወት አንድ መሪጌታ በዜማ መቅጃ ቴፓቸው ቀድተውን እንደነበር ሰማሁና፣ በዚያ ኮረኮንች እየተንገጫገጭሁ ሄድሁ። ካሴቱን ከፈቱልኝ።

«ሄሎ! አንድ፣ ሁለት…» ይላል። የራሴው ድምፅ! ማይክ ስሞክር ግማሽ ሰዓት አለፈ። በመጨረሻ ዘፋኛችን ጉሮሮውን ጠረገ፤ ጊታሩ አንዴ ጮኸና ካሴቱ ቀጭ ብሎ ቆመ።

«የኔታ፣ ዘፈኑስ?»

«ከዚያ ወዲያማ ጩኸት ብቻ ነበር፣ ልጄ። ቴፑን አጠፋሁት።»



«እባክዎ የኔታ፣ ያችን ጉሮሮውን የሚጠርግባትን ወደኋላ ይመልሱልኝ።»