የኦብሬን ኦሞሪካዎች

ጎረቤቴ ኦብሬን ጥላውን የማያምን ሰው ነው። የታራን ተራራ ደን አርባ ዓመት ጠብቆ ጡረታ ወጣ፤ ጥርጣሬው ግን አልወጣም። እንቁላል ይዤለት ስሄድ እንኳ "ሚሌንካ፣ ምን ፈልገሽ ነው?" ይለኛል። ወይ ጉድ!

የነገሩ ሁሉ መነሻ ኦሞሪካ የምትባል የጥድ ዓይነት ናት። ዛፏ በራሷ የምትበቅለው እኛ ዘንድ፣ ድሪና ወንዝ ዳር ባሉ ገደሎች ብቻ ነው። ቀጭን ናት፣ ቀጥ ያለች። ከሩቅ ካልለየሃት ቅጠሏን በጣትህ አሽከርክር፦ የተራው ጥድ ይዞራል፣ የእሷ ግን ጠፍጣፋ ነውና አሻፈረኝ ይላል። አባቶቻችን የወተት ዕቃ እየሠሩባት ጨረሷት። ኦብሬን ከቤታችን በላይ፣ ፀሐይ በማታገኘው ገደል ላይ ሠላሳ ስምንት ግንድ ያውቃል። ከእኔ በቀር ለማንም አልተናገረም።

በመከር አንድ ካርታ የያዘ ሰው መጣ።

"ጋሼ፣ እዚህ ኦሞሪካ አለ?"

"ማን ላከህ?"

"ከመንገድ ጥናት ነኝ። ካለ ልመዝግበው ብዬ ነው።"

ኦብሬን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። "ሌባ ነው። ጫማውን አየሽ? አዲስ ነው።"

እኔም፣ አፌን በቆረጠው፣ "ዓይኑም አላማረኝም" አልኩት።

"የለም!" አለው ኦብሬን ጮክ ብሎ። "የምታየው ሁሉ ተራ ጥድ ነው።"

"እንግዲያው የለም ብለው እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ።"

ፈረመ። ሰውዬው እንደሄደ ኦብሬን በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ራኪያ አረቄ ቀዳልኝ። "ሸኘሁት!" እያለ ሳቀ።

ሚያዝያ ላይ ከገደሉ የመጋዝ ድምፅ ሰማን። እየሮጥን ወጣን። ያው ሰውዬ ከሠራተኞቹ ጋር ቆሟል፤ ኦሞሪካዎቹ አንዷ በሌላዋ ላይ ወድቀዋል። ኦብሬን ከወደቀች ቅርንጫፍ ቅጠል ቀጥፎ ሰጠው።

"አሽከርክራት።"

ሰውዬው ሞከረ፤ አልዞረችም። ፊቱ ዓመድ መሰለ።

"አቁሙ!" ብሎ በሠራተኞቹ ላይ ጮኸ። ከዚያ ወደ ኦብሬን ዞረ። "ጋሼ፣ ምን አደረጉ? ካለች መንገዱ እንዲዞርላት እኮ ነበር የጠየቅኩዎት!"

ኦብሬን መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። አሥራ አንድ ተርፈው ነበር። እኔም ያን አፌን እያሰብኩ አብሬው አለቀስኩ።

አሁን ያገኘውን መንገደኛ ሁሉ እጁን ይዞ "ና፣ ኦሞሪካ ላሳይህ" ይላል። ሰዎቹ ደግሞ ወደ እኔ ዞር ብለው "ይሄ ሽማግሌ ገደል አፋፍ የሚወስደን ምን ፈልጎ ነው?" ይሉኛል።