ለከድጄ የሚሆን ጥያቄ

ወይዘሪት ዓለምዘውድ መቀመጥ አታውቅም ነበር። በስድሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በጃንሆይ ዘመን፣ ከጎጃም አስተማሪ ሆና ተመድባ ቡታጅራ መጣችና በጓሮ በኩል ያለችውን ክፍሌን ተከራየች። ምሳዋን ቆማ ትበላለች። እርሳስ ታላምጣለች። «ቁጭ በይ እንጂ ዓለሜ» ስላት «እሺ እትዬ» ትልና በር ላይ ትቆማለች። በኋላ እኔን በጎልማሳነቴ ፊደል ስታስቆጥረኝ እንኳ ዙሪያዬን እየዞረች ነው።

በዚያ ዓመት የካቲት ላይ ግን ባሰባት። ምክንያቱ ከድጄ ነበረች።

ከድጄ የጨርቅ ነጋዴው የሙሀመድሰይድ ልጅ ናት፤ አራተኛ ክፍል፣ ከሰባ ልጆች አንዷ። ዓለምዘውድ የሂሳቡን ጥያቄ ጽፋ ሳትጨርስ ልጅቱ መልሱን ትጮኻለች። ሌሎቹ ታዲያ ማሰብ ተዉ። ደበሌ የሚባለው ቀልደኛ «ምን አደከመን፣ ከድጄ አለች!» ብሎ እጁን አጣምሮ ይቀመጣል። እሷም ሲሰለቻት የጎረቤቷን ሹሩባ ከአግዳሚው ጋር ታስራለች።

አባቷ ይህን ሰምቶ ደጃፌ ድረስ መጣ።

«ወይዘሪት፣ ልጄ ምን ተማረች?»

«ጎበዝ ናት እኮ።»

«ጎበዝማ ስትመጣም ነበረች። እኔ ወላሂ ሴት ልጅ አትማር አላልኩም። ግን የምታውቀውን ለመስማት ከምትቀመጥ፣ ሱቄ ትቀመጥ። ሁለት አርብ ገበያ እጠብቃለሁ።» ይህን ብሎ ሄደ።

ዓለምዘውድ በማግስቱ ለሌላው አሥር ጥያቄ ስትሰጥ ለከድጄ ሠላሳ ሰጠቻት። ልጅቱ ሁሉንም ሠርታ ደብተሯን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገችው።

«ምን አጠፋሁ?»

«ምን አጠፋሽ ማለት?»

«ደበሌ ሰንፎ አሥር፣ እኔ ጎብዤ ሠላሳ! ታዲያ ይሄ ቅጣት አይደለም?»

ማታ ስትነግረኝ «እውነቷን ነው እትዬ፤ ያንኑ ወጥ ሦስቴ ነው ያቀረብኩላት» እያለች ግቢውን ትዞር ነበር።

ቀጥላ አለቃ አድርጋ ሌሎቹን እንድታስጠና ሾመቻት። ልጆቹ «እሜቴ ከድጄ» እያሉ አላገጡባት፤ እሷም መልሱን በጆሯቸው እየነገረች ገላገለቻቸው። ዳይሬክተሩ አቶ ያረጋል «አምስተኛ ክፍል አስገቢያትና ንጹሕ አየር ተንፍሺ» አላት። ዓለምዘውድ ግን እዚያም ቁጥሩ ይረዝማል እንጂ ልጅቱ ሳትሰለች እንደማትከርም አወቀች። ይህ ሁሉ ሲሆን አንደኛው አርብ አለፈ።

ቅዳሜ የእንሰት ችግኝ ሳዛውር ዓለምዘውድ እየተንቆራጠጠች መጣች።

«ይሄ ያማረውን ለምን ይነቅሉታል?»

«ያማረው ነዋ የሚነቀል። ተጨናንቆ ከቆየ አይወፍርም።»

«ወዴት ሊሄድ ነው?»

«የትም። እዚሁ ጓሮ፣ ሰፋ ያለ ቦታ።»

የነቀልኩትን አንስታ አገላብጣ አየችው። ከዚያ «ያንን የቃጫ ገመድ ያውሱኝ» አለችኝ።

ሰኞ ትምህርቱ የቦታ ስፋት ነበር። ለክፍሉ ርዝመቱና ወርዱ የታወቀ ጓሮ ሰጠች። ለነደበሌ መሬት ላይ ቤት ቤት እየሣሉ እንዲቆጥሩት ፈቀደች። ለከድጄ ገመዴን ሰጠቻት። «ይህን አጥር አድርጊው፤ አራት ማዕዘን ይሁን እንጂ እንደፈለግሽ አስረዝሚው፣ አሳጥሪው። ብዙ እንሰት የሚይዘው የትኛው ጓሮ ነው?»

«ገመዱ አንድ ከሆነ ጓሮውም አንድ ነው» አለች ከድጄ ወዲያው።

«ለክተሽዋል?»

ከድጄ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው።

«ኧረ ሰዎች፣ ዝም አለች! ታማ ነው!» አለ ደበሌ።

ሁለተኛው አርብ ደረሰ። ዓለምዘውድ እህል ሳትቀምስ ወጣች። እኔም ገመዴን ላምጣ ብዬ፣ እውነቱን ለመናገር ግን ነገሩ አላስቀምጥ ብሎኝ፣ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ከድጄ ሜዳው ላይ አራት ችካል ተክላ አቧራ ለብሳለች። ሙሀመድሰይድ ከገበያው በቀጥታ መጣ።

«ተነሽ፣ እንሂድ።»

«ቆይ አባ፣ አልጨረስኩም።»

«ምኑን?»

ጥያቄውን ነገረችው። ሳቀ። «ገመዱ አንድ ከሆነ ጓሮውም አንድ ነው! ይሄም ትምህርት ሆኖ?»

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ግባ።» ገመዱን አጥብባ፣ አስረዝማ ወጠረችው። አባቷ መሃሉ ገብቶ መዞር አቃተው። አስወጣችውና አራቱንም ጎን እኩል አድርጋ ተከለችው። ገባ፤ ወዲያ ወዲህ ተራመደ፤ ተጠራጠረ።

«ገመድ ቀጥለሻል።»

«አልቀጠልኩም!»

ጎንበስ ብሎ ገመዱን በእጁ እየዳሰሰ ዞረው። ቀና ሲል ፊቱ ተለውጧል።

«ለምን ሆነ?»

«እሱን ነው ገና የምፈልገው።»

ሙሀመድሰይድ ወደ ዓለምዘውድ ዞረ። «ወይዘሪት፣ መልሱን እንዳይነግሯት። እኔም ቤቴ አስብበታለሁ።» ልጁን እዚያው ትቶ ሄደ።

እፎይ ትላለች ብዬ ዞር ብል፣ ዓለምዘውድ እርሳሷን እያላመጠች ሜዳውን መዞር ጀምራለች።

«እትዬ፣ ይህንንም እኮ ሰኞ ትፈታዋለች። ከዚያ ምን ልስጣት?»

ገመዴን ሳልወስድ ተመለስኩ።