«በሞቴ» በኒነስሃምን ወደብ

ስቶክሆልም አካባቢ ትኩስ የባሕር ዓሣ የት ይበላል ለሚለኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፤ ፔንደልቶግ ባቡር ተሳፈርና መጨረሻው ፌርማታ፣ ኒነስሃምን ወደብ ውረድ። ባለፈው ቅዳሜ ልጄን ይዤ ስወርድ በቅቤ የሚጠበሰው የስትረሚንግ ዓሣ ሽታ ገና ከሩቅ ተቀበለኝና ወደ ሰባት ዓመቴ መለሰኝ።

ያኔ እማዬ ከምንኖርበት ሰፈር ከፋርስታ ይዛው በመጣችው እንጀራ ትንንሾቹን ዓሣዎች ጠቀለለች፤ ሚጥሚጣ ነሰነሰችና እጇን እዚሁ ወደብ ላይ ዓሣ ወደሚጠብሰው ሰውዬ አፍ ዘረጋች። ሰውዬው ወደ ኋላ ሸሸ።

«በሞቴ!» አለችው። ወደ እኔ ዞራ፦ «ንገሪው እንጂ!»

እኔም የገባኝን ያህል በስዊድንኛ ተረጎምኩለት፦ «ካልበላህ እናቴ ትሞታለች።»

ሰውዬው ክው አለ። ወረፋ የያዙትም አንገታቸውን አሰገጉ። አፉን ከፍቶ ጎረሰ፤ ፊቱ ቲማቲም መሰለ፣ እንባው ዱብ ዱብ አለ። ከዚያ «ጨምሪልኝ!» ብሎ ሲጮህ ወደቡ በጭብጨባ ተናጋ። እማዬ አንገቷን ቀና አድርጋ ሁለተኛውን ጠቀለለች።

ቅዳሜ ዕለት ያንኑ ሰውዬ ፂሙ ነጥቶ አገኘሁት። እኔን አላወቀኝም። የሚጥሚጣውን ብልቃጥ ከቦርሳዬ ሳወጣ ግን መጥበሻውን አስቀመጠ።

«ዛሬም ማንም አይሞትም» አለና አፉን ከፈተ።