የባርባ ባልሰር ለስላሳ ጥይት

ባርባ ባልሰር ትከሻቸውን የሰበሩት ከድርቆሽ ጎተራቸው መሰላል ወድቀው ነው። አደን ላይ አይደለም። ይህን ቀድሜ የምናገረው እሳቸውም ሁልጊዜ ቀድመው ስለሚናገሩት ነው። ሰው «ትከሻዎን ምን ነካው?» ብሎ ሳይጨርስ «መሰላል ነው፣ መሰላል» ይላሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በገደል አፋፍ ሲሄዱ ኖረው በገዛ ጎተራቸው ውስጥ መውደቃቸው ከአጥንቱ ስብራት የበለጠ አሟቸዋል።

እኛ በስዊዘርላንድ ተራሮች፣ በታችኛው እንጋዲና ሸለቆ፣ ሽማግሌውን ባርባ፣ አሮጊቷን ኦንዳ ነው የምንለው፣ ዘመድ ሆኑም አልሆኑም። ባርባ ባልሰርና ባለቤታቸው ኦንዳ ኔዛ ከታች፣ እኔ ከላይ ሆነን አንድ ግድግዳው የወፈረ አሮጌ ቤት ውስጥ እንኖራለን። ወለሉ እንጨት ስለሆነ ሲያስነጥሱ «ይማርዎት» የምላቸው ከላይ ሆኜ ነው። ስለዚህ ከዚህ ታሪክ ግማሹን አይቻለሁ፣ ግማሹን በወለሉ ስንጥቅ ሰምቻለሁ። የተራራውን ደግሞ እሳቸው ነገሩኝ። ባርባ ባልሰር ስለ አደን ሲያወሩ አይጨምሩም፤ ከአዳኝ አፍ ይህ ብርቅ ነው።

ሐኪሙ ትከሻቸው ውስጥ ብረት ካስገባ በኋላ «ከእንግዲህ የሚራገጥ ጠመንጃ እዚህ ላይ እንዳይደገፍ» አላቸው። ሌላ አገር ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር፤ ትከሻው የደከመ አዳኝ ቀጭን ጥይት የምትጎርስ ቀላል ጠመንጃ ይገዛል፣ አለቀ። በእኛ ካንቶን፣ በክልላችን ማለት ነው፣ ግን ለትልቅ አውሬ ውፍረቷ ከአሥር ሚሊሜትር ያለፈ ጥይት ካልሆነች አትፈቀድም። በአያቶቻችን ዘመን እንዲህ ተባለ፣ እንዲሁ ቀረ። ከተራሮቻችን ወጣ ስትል ይህችን ጥይት የሚያውቃት ሻጭ ማግኘት ጭንቅ ነው፤ ስለዚህ ብዙ አዳኝ ክረምቱን ምድጃ ዳር ተቀምጦ ጥይቱን ራሱ ይሞላል። ጠመንጃው ሲተኮስ ደግሞ እንደ በቅሎ ይራገጣል።

ኦንዳ ኔዛ ፍርዳቸውን የሰጡት በመጋቢት፣ የገብስ ሾርባ እየጨለፉ ነው።

«ትከሻህን የማየው እኔ ነኝ» አሉ። «አንዴ ተኩሰህ ከጠቆረ ጠመንጃው ለሪየት ይሄዳል። ጨርሻለሁ።»

«በደንብ የሚተኩስ ሰው ትከሻው አይጠቁርም» አሉ ባርባ ባልሰር።

«በደንብ የሚወጣ ሰውም ከመሰላል አይወድቅም።»

ሪየት የፖስታ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ስንት መስከረም ከባርባ ባልሰር ጋር ለአደን ወጥቶ ወርዷል። ያቺን አንድ ጥይት ብቻ የምትጎርስ፣ ሰደፏ በእጅ ብዛት የወዛ አሮጌ ጠመንጃ ከልቡ ይወዳታል። ክፋት የለበትም፤ ግን ስለ ትከሻው ሲጠይቅ ዓይኑ ወደ ጠመንጃው ይሄዳል።

«በግራዎ ለምን አይተኩሱም፣ ባርባ?»

«ግራ ዓይኔ አንተንና ላምህን አይለይም።»

«ላሜ እኮ ትበልጠኛለች።»

«እሱንማ በቀኙም አይቼዋለሁ።»

ሐሳቡ የመጣላቸው አልጋ ላይ ሳሉ ነው። ጣሪያው ላይ ያለውን የእንጨት ጉጥ ሲያዩ ሲያዩ ጉጡ ቀስ ብሎ የሚበር ጥይት መሰላቸው። እንደ ንብ ሳይቸኩል ይሄዳል፤ ያልቸኮለ ጥይት ደግሞ ጠመንጃውን አያራግጥም። «ሕጉ ጥይቷ ትወፍር አለ እንጂ ትቸኩል አላለም» አሉ በማግስቱ። አባባሉ እንዴት ደስ እንዳለኝ አልነግራችሁም፤ ቀኑን ሙሉ ለብቻዬ ስለው ዋልኩ።

ጠመንጃ ሠሪዋ ኡርሽላ ግን በነገሩ አልሳቀችም። «ባርባ፣ ያለዎትን ባሩድ ቀንሰው ብቻ እንዳይሞሉ» አለቻቸው። «ሲበዛ ብቻ አይደለም፣ ያላግባብ ሲያንስም ጠመንጃ ይሰነጥቃል። ይህ ቀለህ ትልቅ ቤት ነው፤ ለትልቅ ቤት የሚሆን ትንሽ እሳት የሚሰጥ ሌላ ዓይነት ባሩድ አለ።» ያንን ባሩድ ሰጠቻቸው፤ የሚሞከሩ ሦስት ዓይነት አረሮችንም አብራ። መጠኑን ራሷ ወሰነች፣ «ከዚህ ንቅንቅ የለም» ብላ።

ታዲያ ሌላ ጣጣ መጣ። ቀለህ የሚሞላበት መጭመቂያ እጀታው ከባድ ነው፤ ወደ ታች የሚሳበውም በቀኝ እጅ ነው። ባርባ ባልሰር በግራ ሞከሩ፣ ተጣመሙ፣ ላብ በላብ ሆኑ። ኦንዳ ኔዛ ከጠረጴዛው ማዶ ድንች እየላጡ ጥቂት ታገሡ፤ ከዚያ ቢላዋቸውን አስቀመጡ።

«ወዲያ በል። ልሳበው።»

«አንቺ? ለዚህ ጠመንጃ?»

«ለጠመንጃው አይደለም። መንደፋደፍህን ማየት አልቻልኩም።»

እንዲህ ሆነና ጠመንጃው ከቤት እንዲወጣ የፈረዱት ሴትዮ ጥይቱን ማምረት ጀመሩ። ባሩዱን በትንሿ ሚዛን ትንፋሻቸውን ውጠው የሚለኩት ባርባ ባልሰር ናቸው፤ እጀታውን የሚስቡት ኦንዳ ኔዛ። ከውጭ በረዶ ይወርዳል፤ መስኮቱ ላይ የተደረደሩት ቀለሆች የበረዶውን ብርሃን ይዘው ወርቅማ ሆነዋል፤ ምድጃው ይንሾካሾካል። አንዳንዴ ረዥም ሰዓት ከላይ ሆኜ የምሰማው የእጀታውን እስትንፋስ ብቻ ነው፣ ወረድ፣ ወጣ። እንቅልፍ ያመጣል።

«ቆይ» ይላሉ ኦንዳ ኔዛ። «ይሄኛው ጠነከረብኝ።»

ባርባ ባልሰር ቀለሁን ወደ ብርሃኑ ያዞሩታል። አርጅቶ አንገቱ ደርቋል። ለብቻው ያስቀምጡታል።

«አረሩ ሲገባ ምን ይመስልሻል?»

«ቅቤ ውስጥ ቡሽ እንደ መክተት» አሉና ሳያስቡት ፈገግ አሉ። ወዲያው ፊታቸውን አኮሳተሩ። «ደስ ብሎኝ እንዳይመስልህ።»

በረዶው ቀልጦ ሣሩ ሲረዝም ወንዙ ዳር ባለው ኢላማ መተኮሻ ተሰበሰብን። የመጀመሪያው ዓይነት አረር ኢላማው ዘንድ ሳይደርስ ሣሩ ውስጥ ገባ።

«ባርባ፣ ቢወረውሩት ይሻላል» አለ ሪየት።

ሁለተኛው ደረሰ፤ ግን በአየር ላይ እየተንገዳገደ ነበርና ወረቀቱን በጎኑ ቀደደው። ሪየት ወረቀቱን አንሥቶ በቀዳዳው አጮልቆ አየኝ። ሦስተኛው ከለስላሳ እርሳስ የተሠራው ከባዱ አረር ነው። ባርባ ባልሰር ምላጩን ሳቡ። የጠመንጃው የድሮ ድምፅ ሸለቆውን የሚሰነጥቅ ነበር፤ አሁን ግን ጎረቤት ቤት የዱቄት ጆንያ የወደቀ ያህል «ዱፍ» አለ። አረሮቹ ተራ በተራ አንዲት መዳፍ በምትሸፍናት ቦታ ላይ አረፉ። ኦንዳ ኔዛ በሰው ሁሉ ፊት የባላቸውን ሸሚዝ ፈትተው ትከሻውን አዩ። ነጭ ነው።

ደስታው ግን ሙሉ አልነበረም። ኢላማው ራቅ ሲል አረሩ አንድ ክንድ ሙሉ ወረደ። ቀረብ ብሎ ስልሳ እርምጃ ያህል ላይ ካልሆነ በቀር የማይታመን ጥይት ሆነ።

«ስልሳ እርምጃ?» አለ ሪየት። «የገደል ፍየል ስልሳ እርምጃ ላይ ቆማ ትጠብቅዎታለች? ስምዎንም ትጠይቅዎ ይሆናል።»

ባርባ ባልሰር ጠመንጃቸውን ወልውለው ጨረሱ። ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። «ዘንድሮ በዚህ ጥይት ካልሆነልኝ ውሰዳት። የማልተኩስባትን ጠመንጃ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ማየት አልፈልግም።»

ሪየት የተቀደደውን ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

መስከረም ገባ። ባርባ ባልሰር በአንዱ ጎን፣ ሪየት ከሸለቆው ማዶ በሌላው ጎን ይወጣሉ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት መራራ ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን ከገደል ወዲህ ሆነው ወዲያ ማዶ የሚተኩሱ ሰው መቅረብ የሚባለውን ነገር አያውቁበትም። ጠጠር ከእግራቸው ሥር ይንኮሻኮሻል፤ ነፋሱ ሽታቸውን ቀድሞ ያደርሳል፤ አንዷ ፍየል በአፍንጫዋ ፉጨት ታሰማለች፣ መንጋው ይጠፋል። ማታ ሲመለሱ ደረጃው ላይ ካለው እርምጃቸው ብቻ እንዳልሆነላቸው አውቅ ነበር። የአደኑ ወቅት ደግሞ እያለቀ ነው።

በመጨረሻ መቅረቡን ተዉት። ጥዶቹ በሚያበቁበት፣ ሣርና ጠጠር በሚገናኙበት ቦታ አንድ ድንጋይ ተደግፈው ተቀመጡ፣ ጠመንጃውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። ከታች ጉም ወጣ። መጀመሪያ ሸለቆውን፣ ከዚያ ጥዶቹን፣ ከዚያ የገዛ ጫማቸውን ወሰደባቸው። «ተኝቼ ይሁን ነቅቼ አላውቅም» አሉኝ። «ነጭ ነገር ውስጥ ነበርኩ። እናቴ የታጠበ አንሶላ ስትሰቅል ሥሩ እንገባ ነበር፣ እንደዚያ።»

በዚያ ነጭ ውስጥ ድምፅ ሰሙ። ጭርም፣ ጭርም፣ ጭርም። ጉሙ ሲሳሳ ቀንዳቸው እንደ መንጠቆ የታጠፈ የገደል ፍየሎች ዙሪያቸውን ሣር ይግጣሉ። እሳቸው ወደ ፍየሎቹ አልደረሱም፤ ፍየሎቹ ናቸው ወደ እሳቸው የመጡት። ባርባ ባልሰር ዓይናቸውን ብቻ እያንቀሳቀሱ ተመለከቱ። አንዲት አሮጊት አለች፣ ጀርባዋ የጎበጠ፣ ጡቷ የደረቀ፣ ግልገል የማይከተላት። ረዥም ጊዜ አዩዋት። የሚተኩሱባት እሷ መሆኗ እርግጥ ሲሆንላቸው ሰደፉን ወደ ትከሻቸው አመጡ፤ እንደ ጉሙ ቀስ ብለው።

ዱፍ።

አሮጊቷ ጉልበቷን አጥፋ ልታርፍ እንደፈለገች ተኛች። የቀሩት ራሳቸውን ቀና አደረጉ። ጆሯቸው ወደዚህ፣ ወደዚያ። ከዚያም አንዷ ራሷን ወደ ሣሩ መለሰች፣ ሌላዋም ተከተለች፤ ጭርምታው ቀጠለ።

ባርባ ባልሰር መነሣት አልቻሉም። ትከሻቸው አላመማቸውም፤ ነገር ግን ከተነሡ ሁሉም ይጠፋል። «ዕድሜዬን ሙሉ ከተኩስ በኋላ ያየሁት ቂጣቸውን ብቻ ነው» አሉኝ። «እነሱ እንዲህ እንደሚኖሩ አላውቅም ነበር።» አንዱ ግልገል መጥቶ የጫማቸውን ማሰሪያ አሸተተ። እናቲቱ ወደ ተኛችው አሮጊት ሄዳ ቆመች፣ አየቻት፣ ተመለሰች። ጉሙ ይመጣል፣ ይሄዳል። ፀሐይ የት እንደደረሰች አያውቁም ነበር።

እኛ ደግሞ ታች በመንደሩ መስኮት ላይ ነበርን። እያንዳንዱን ጠመንጃ በድምፁ ስለምንለየው ኦንዳ ኔዛ የሚሰሙት የማንን እንደሆነ ያውቃሉ። ከላይኛው ሰፈር ተተኮሰ፤ የእሳቸው አይደለም። ከወንዙ ማዶ ተተኮሰ፤ አይደለም። ሊጥ ነክተው መጥተው ያዳምጣሉ፣ እጃቸውን ታጥበው ያዳምጣሉ።

«ቢተኩስ እኮ እሰማው ነበር» አሉኝ።

«ለስላሳ ነው እኮ ኦንዳ፣ እርስዎ ያለሰለሱት።»

ወደ ሊጣቸው ተመለሱ።

ሪየትም ምንም አልሰማም። ባርባ ባልሰር በተቀጣጠሩበት ቦታ ሲቀሩበት ልቡ ተረበሸና ሸለቆውን ተሻግሮ እየሮጠ ወጣ። ሲደርስ ድንጋይ ተደግፈው፣ ዓይናቸውን ከፍተው፣ ሳይንቀሳቀሱ አገኛቸው። ፉጨት ተሰማ፤ ጉሙ ውስጥ የሰኮና ኮቴ ተንኳኳና ጠፋ።

«ባርባ! አመመዎት?»

«ሄዱ።»

«እነማን?»

«አንተ ያባረርካቸው።»

ሪየት ዞር ሲል የተኛችውን አየ። «መቼ ተኮሱ?»

«ቅድም።»

«አልሰማሁም እኮ።»

«እነሱም አልሰሙም» አሉ ባርባ ባልሰር። ተነሥተው ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ የጥድ ቅርንጫፍ ሰብረው፣ እንደ አገራችን አዳኞች ልማድ የመጨረሻ ጉርሻዋ እንዲሆን፣ በአሮጊቷ አፍ ውስጥ አደረጉ። ሪየትም ባርኔጣውን አወለቀ። ቁልቁል ሲወርዱ ፍየሏን የተሸከመው እሱ ነው። ግማሽ መንገድ ላይ ቆም ብሎ ሸክሙን አስተካከለና «እንግዲህ ዘንድሮም የርስዎ አህያ ነኝ» አለ።

«የሚራገጥ አህያ ካልሆንክ ግድ የለም።»

ኦንዳ ኔዛ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ፍየሏን አላዩም። «አልሰማሁህም» አሉ። ጠብ ሊጀምሩ መስሎኝ ነበር፤ ግን እጁን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቡት። ባላቸውን ወንበር ላይ አስቀመጡ፣ ሸሚዙን ፈቱ፣ ትከሻውን በአውራ ጣታቸው ዙሪያውን እየተጫኑ አዩት። እኔና ሪየት እንደ ፍርድ ቤት ምስክር ጎን ለጎን ቆመናል።

«ምንም የለውም» አሉ በመጨረሻ። ሸሚዙንም መልሰው ቆለፉለት፣ ከታች እስከ ላይ፣ የአንገቱን ጭምር።

ሪየት ጉሮሮውን ጠረገ። «ባርባ፣ ስለ ጠመንጃው ያልነው ነገር ተረስቷል። ከረሱት ማለቴ ነው።»

«ስለ ምን ጠመንጃ?» አሉ ባርባ ባልሰር።

ለእራት በቆስጣ ቅጠል የሚጠቀለለው ሊጥ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ቅጠሉን ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ አስቀምጠን እየጠቀለልን ባርባ ባልሰር ስለ ጉሙ፣ ስለ ግልገሉ፣ ስለ ጫማቸው ማሰሪያ አወሩ። ኦንዳ ኔዛ በትዳራቸው ዘመን ሁሉ የአደን ወሬ ሲጀመር ከክፍሉ የሚወጡ ሴት ናቸው። አሁን ግን እጃቸው ሊጥ ላይ እንዳለ ቆመ።

«ሲያኝኩ» አሉ፣ «ምን ዓይነት ድምፅ አላቸው?»

ባርባ ባልሰር ጥቂት አሰቡ። ከሳህኑ አንድ ጥሬ የቆስጣ ቅጠል አነሡ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አፋቸው ውስጥ ከተቱትና ቀስ ብለው፣ በጣም ቀስ ብለው ማኘክ ጀመሩ። ሪየት ሳቁን ለማፈን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ኦንዳ ኔዛ ግን ወንበራቸውን ስበው ተጠጉና ጆሯቸውን ወደ ባላቸው ጉንጭ አስጠጉ።

«ዝም በሉ» አሉን። «እየሰማሁ ነው።»