ነብሮ ያላስመለሰባቸው ቀናት

ወገዳ በሚገኘው የእንስሳት ክሊኒክ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ኃላፊያችን አቶ ይበልጣል ሦስት ነገር አስረከቡኝ፦ ለእግሬ የሚሰፋ የጎማ ቦቲ፣ አንድ ቴርሞሜትርና ጀርባው የተገነጠለ የታካሚ መዝገብ። "ቴርሞሜትሩ ከተሰበረ ሌላ የለም" አሉኝ። ስለ ቦቲው ምንም አላሉም፤ ለካ ውኃ ያስገባ ነበር።

የመጀመሪያ ታካሚዬ ትከሻው በቀንበር የቆሰለ የእርሻ በሬ ነበር። ባለቤቱ ከላይ እስከ ታች አየኝና "ወንድ ሐኪም የለም?" አለ። አቶ ይበልጣል ከውስጥ ሆነው "በሬው ነው የጠየቀው?" ብለው መለሱለት። በሬው አልጠየቀም፤ መርፌ ስወጋው ግን እግሬን ደህና አድርጎ ረገጠኝ። ሰውየው ምስጋና እያዥጎደጎደ ሄደ፤ እኔ ሁለት ቀን አነከስኩ።

ከዚያ ወዲህ በስማዳ፣ በእስቴና በጋይንት ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ስለ በሬ ስጠየቅ ማቆሚያ የለኝም። ለወጣት ባልደረቦቼ ደጋግሜ የማወራላቸው ግን የአንድ ውሻ ነገር ነው። ይበልጡንም የባለቤቱን፤ እንደ እሳቸው ያለ አስተዋይ ሰው ከዚያ በኋላ ብዙ አላጋጠመኝም።

ውሻው ነብሮ ይባላል። ባለቤቱ እማማ ዘነቡ ከወገዳ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ መንደር ዳር፣ ገደል አፋፍ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ ገበሬ ነበሩ። ባላቸው ሞተዋል። አሥራ አንድ በጎች ነበሯቸው። ጅቡም ቀበሮውም የሚወጣው ከዚያ ገደል ነው፤ ነብሮ ከመጣ ወዲህ ግን አንድ ግልገል እንኳ አልተበላባቸውም። "እሱ ከሌለ በጎቹን ሸጬ ዘመድ ቤት መጠጋቴ ነው" ይሉ ነበር።

ነሐሴ ውስጥ ነብሮን በገመድ እየሳቡ መጡ። "ያስመልሰዋል ልጄ። ፍልሰታ ጾም ከገባ ጀምሮ ሰላም የለውም።"

አቶ ይበልጣል በመስኮት አዩን። "በሬ ቆሞ እየጠበቀ ውሻ ልታክሚ ነው?" አሉ። እውነትም በዚያን ጊዜ ውሻ ወደ ክሊኒክ የሚያመጣ ሰው አልነበረም። እኔ ግን እማማ ዘነቡ ጭቃውን ሁለት ሰዓት አቋርጠው እንደመጡ አይቼ እንዴት ልመልሳቸው?

ነብሮን ለካሁት፤ ትኩሳት የለውም። ድዱ ጤነኛ ነው፣ ሆዱን ስጫነው አያመውም። የትል መድኃኒት ሰጠሁት። "መቼ መቼ ነው የሚያስመልሰው?" ብዬ ጠየቅኩ። እማማ ዘነቡ አሰብ አደረጉና "በጽንሰታ ማርያም ደህና ዋለ" አሉኝ። እኔም "እመቤታችን ትርዳዎት" ብዬ ሸኘኋቸው።

ከቡሄ ማግስት ተመልሰው መጡ። የትል መድኃኒቱ አልሠራም። "በሚካኤል ደህና ነበር፤ ትናንት በቡሄም አንድ ሙልሙል ሙሉ በልቶ ምንም አላለም። ዛሬ ግን ይኸው፣ ጠዋት ከአረም ስንመለስ መንገድ ላይ አስመለሰው" አሉ። ሌላ መድኃኒት ሰጠሁና መዝገቡ ላይ "ቀኑ የማይታወቅ ትውከት" ብዬ ጻፍኩ። እጄ ሲጽፍ ጆሮዬ የት እንደነበረ እንጃ።

በዚያው ሰሞን በአጎራባች ቀበሌ ያበደ ውሻ ሰው ነከሰ። ሁሉም ሰው በየደጁ ያለውን ውሻ በጥርጣሬ ያይ ጀመር። ነብሮ ሲያስመልሰው አፉ ዙሪያ አረፋ ይቀራል፤ ያንን ያዩ የመንደሩ ሰዎች ይገደል አሉ። ከሁሉ የበረቱት የእማማ ዘነቡ ጎረቤት፣ የመንደሩ ሽማግሌ አያ ስንታየሁ ነበሩ። ክሊኒክ ድረስ መጡ።

"ዶክተር፣ ይገደል የሚለውን ወረቀት ጻፊልንና እንገላገል። እኛም ልጆች አሉን።"

"አያ ስንታየሁ፣ ያበደ ውሻ ይህን ያህል ጊዜ አይቆይም። በጥቂት ቀን ውስጥ ይሞታል" አልኳቸው።

"ታዲያ ምኑን ነው ያመመው?"

"ገና አላወቅኩትም" አልኳቸው። አቶ ይበልጣል ይህን ሰሙ። "እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ይሰበሰባል" አሉኝ። "ቅዳሜ ሄደሽ እይው። ምክንያቱን ካላገኘሽ 'አጠራጣሪ' ብለሽ ትጽፊያለሽ። ከሰውና ከውሻ ለሰው ነው የምናደላው።" አልተሳሳቱም። 'አጠራጣሪ' ማለት ግን ይገደል ማለት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ቅዳሜ ውሳኔዬን የምጽፍበትን ቅጽ በቦርሳዬ ይዤ ሄድኩ። እማማ ዘነቡ ደጃፍ ተቀምጠዋል፤ ነብሮ እግራቸው ሥር ተኝቷል። ፍጹም ጤነኛ ይመስላል። የመጣሁበትን ሳልደብቅ ነገርኳቸው። አፍሬም አዝኜም ነበር።

ነብሮን እየደባበሱ "ዛሬ አላስመለሰውም" አሉኝ። "ትናንትም በማርያም አላስመለሰውም።"

"እማማ፣ ቅዱሳኑ የሚያድኑት ቢሆን ኖሮ…"

አላስጨረሱኝም። "እኔ መች ቅዱሳኑ አዳኑት አልኩሽ? ጸሎቴ የእኔ ነው። አንቺ መቼ መቼ ነው ስትዪኝ ቀኑን ነገርኩሽ። የእናንተን ቁጥር ማን ያስታውሰዋል? እኔ ቀን የምቆጥረው በበዓሉ ነው።"

መሬት ብትከፈት በገባሁ። ቅጹን ገለበጥኩና ባዶው ገጽ ላይ ከነሐሴ አንድ ጀምሬ ቀኖቹን በተራ ጻፍኩ። "እስቲ እንደገና ይንገሩኝ" አልኳቸው። እሳቸው በጣታቸው እየቆጠሩ፣ አንድም ቀን ሳያፋልሱ ነገሩኝ። በጽንሰታ ደህና። በሚካኤል ደህና። በቡሄ ደህና። በፍልሰታ፣ በገብርኤል፣ በማርያም ደህና። "ቅዳሜና እሁድማ ብዙም አስመልሶት አያውቅ" አሉ። በቀሩት ቀናት በሙሉ አስመልሶታል። እኔ በመዝገብ ያልያዝኩትን እሳቸው ሳይጽፉ ይዘውታል።

"እማማ፣ በበዓል ቀን የማያደርጉት ነገር ምንድን ነው?"

ሳቁብኝ። "አንቺ ደግሞ! ሥራ ነዋ። አረም አልወርድም።"

"ነብሮስ?"

"እኔ ካልሄድኩ እሱ የት ይሄዳል?"

ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ ነው ሁለታችንም የተያየነው። ነጠላቸውን እንኳ ሳያስተካክሉ ተነሡ።

ማሳቸው ከቤታቸው ብዙ አይርቅም። ወደ ድንበሩ ስንቃረብ ነብሮ ቀድሞን ሮጠ። ድንበሩ ላይ ምንጭ አለ፤ የሮጠው ግን ወደ ምንጩ አይደለም፤ ከምንጩ አጠገብ ወገቡ ላይ ተቆርጦ ወደተቀመጠ ቢጫ ጀሪካን ነው። እማማ ዘነቡ ከኋላ ደርሰው አንገቱን ያዙት። ጀሪካኑ ውኃ ሞልቶታል። ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት፤ የፀረ አረም መድኃኒት ነው።

"አያ ስንታየሁ የመድኃኒት መርጫቸውን የሚያጥቡበት ነው" አሉ እማማ ዘነቡ ቀስ ብለው።

ደሜ ፈላ። ውሻው ይገደል እያሉ መንደሩን የሚያነሳሱት እኮ እሳቸው ናቸው! "ነገ በሕዝብ ፊት ስማቸውን ጠርቼ ባላዋርዳቸው!" አልኩ።

"ተይ ልጄ። ሰውየው ክፉ አይደሉም፤ አላወቁም። አጨዳ ሲደርስ ደቦ የምጠራው እሳቸውን ነው። ዕቃውን ተናገሪ፣ ባለዕቃውን ተዪው። ራሳቸው ያውቁታል።"

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ዋርካ ሥር ተሰበሰበ። ቆሜ ተናገርኩ። ውሻው አላበደም፤ አረም ማጥፊያ ከታጠበበት ዕቃ እየጠጣ ነው። ቀኖቹን አንድ በአንድ በየበዓሉ ስም አነበብኩላቸው። እኔን በጥርጣሬ ሲያዩ የነበሩት ካህናት ሳይቀሩ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ያ አቆጣጠር የእነሱም ነው።

"ዕቃው የማን ነው?" አለ አንዱ።

ወረቀቴን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። እማማ ዘነቡ ሰው ሳያዩ ነጠላቸውን ያስተካክሉ ጀመር። ያን ያህል ትዕግሥት ከየት እንዳመጡት ዛሬም ይገርመኛል።

አያ ስንታየሁ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። "የእኔ ነው" አሉ። "በጎቼም ጥጃዎቼም በዚያ ያልፋሉ፤ አስቤው አላውቅም። ውሻው አይነካ። ዕቃውን እቀብረዋለሁ።" ከዚያ ወደ እማማ ዘነቡ ዞረው "ይቅር በይኝ እቴ" አሉ።

"እግዜር ይቅር ይበለን። ማክሰኞ ለአረሙ ሰው ይዘው ይመጣሉ?" አሉ እማማ ዘነቡ።

ማክሰኞ አያ ስንታየሁ ሁለት ሰው ይዘው መጡ። እማማ ዘነቡም ለነብሮ የሚጠጣበትን ውኃ ከቤት በቅል ይዘው ወረዱ። በሳምንቱ ክሊኒክ መጡና ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ፦ በሥራ ቀንም በበዓልም አንድ ጊዜ አላስመለሰውም። አቶ ይበልጣል ከውስጥ ወጥተው ወንበር አመጡላቸው። ለባለ በሬም ወንበር ሲያመጡ አይቼ አላውቅም።

ለባልደረቦቼ የምለው ይህንኑ ነው። የእንስሳው ባለቤት ያየውን በራሱ አቆጣጠር ይነግራችኋል፤ እንደተናገረው ጻፉት። እማማ ዘነቡ ሁለት ጊዜ ነግረውኛል፤ ሁለቱንም ጊዜ አልጻፍኩትም። ታግሠው ሦስተኛ ጊዜ ባይነግሩኝ ኖሮ፣ ያን ውሻ ያስገደልኩት እኔ እሆን ነበር።